የብሔረሰብ ወንበር

ዓለምወርቅ የአንዲት ሕፃን እጅ መዳፏ ላይ ዘርግታ ጥፍር ትቆርጥ ነበር። ሰኞ ሰኞ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሥራ የሚጀመረው በጥፍር ነው። ልጆቹ አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ፤ እሷ በርጩማዋን እየጎተተች ከአንዱ ወደ አንዱ ታልፋለች። አውራ ጣቱን ጨብጦ የሚደብቅ መቼም አይጠፋም። ይቺኛዋም ደብቃ ነበርና ዓለምወርቅ ሳትቆጣ፣ እንደ ባቄላ እሸት ቀስ አድርጋ እየፈለቀቀች ሳለ በሩ ላይ ጥላ አጠላ።

አባይነህ ነበር፤ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳና የባህል ጉዳይ ኃላፊ። እሱና ዓለምወርቅ ያደጉት ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ በአንድ ጉሊት ዙሪያ ነው። ዛሬ ካኪ ይለብሳል፣ ደረቱ ላይ ዓርማ ይሰካል፣ ሰው በተሰበሰበበት ሲናገር ቃላቱ እንደ ሰልፈኛ አንዱ አንዱን እየተከተለ ይወጣል። ብቻውን ሲሆን ግን ምላሱ ያው የሰፈሩ ምላስ ነው። ከልጆቹ ወንበር አንዱን ስቦ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ።

«ጓድ ዓለምወርቅ» አለና ከሕፃናቱ በቀር ሰሚ እንደሌለ ሲያይ «ዓለም» ብሎ አስተካከለው።

የመጣበትን ጉዳይ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነገራት። የቀበሌው የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ምርጫ ደርሷል። ከምርጫው በፊት ግን የፓርቲው አባላት እጩዎቹን ይመርጣሉ፤ የመረጧቸውንም በማጣሪያ ስብሰባ ለነዋሪው ያቀርባሉ። በማጣሪያው ያለፈ ሰው በምርጫው ወደቀ ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም። ወንበሩ ሰባት ነው። ለስድስቱ ሰው ተገኝቷል፤ አንደኛው አባይነህ ራሱ ነው። ሰባተኛው ላይ ሳሉ ከላይ መመሪያ ወረደ፤ እጩዎቹ የብሔረሰቦችን ተዋፅዖ የሚያንፀባርቁ ይሁኑ የሚል። አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ስድስቱም ሲታዩ አንድ እናት በአንድ ዓመት የወለደቻቸው ነበር የሚመስሉት። ያኔ ነው አንዱ የመዋዕለ ሕፃናቷን አስተማሪ ያባት ስም ያስታወሰው።

«ዋቅጅራ ነው አይደል ያባትሽ ስም?»

«ነው።»

«በቃ፣ ብሔረሰብ ነሽ።»

«እኔ እዚሁ ድልድዩ ጥግ ነው የተወለድኩት።»

«ድልድይ ብሔረሰብ አይደለም፣ ዓለም።»

ፊቷን አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ደግሞም ጠይም ነሽ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጠይም አይደለችም። ጥቁር ናት። በዚህ ሰፈር ግን ፊት ለፊት ጥቁር ያላት ሰው የለም፤ ሁሉም የተማከረ ይመስል ጠይም ይላታል፣ ሻሽ ስትገዛ ቀለም የሚያማርጧት ሴቶች ሳይቀሩ። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ቀይ ዳማ ነበረች። ዓለምወርቅ ልጅ ሳለች ጠይም ማለት የራሷ መልክ ስም ይመስላት ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ ሌሎቹን ጠይሞች ስታይ ነው ቃሉ ግራ ያጋባት። ሰዎቹ ሊያከብሯት ነው ወይስ አዝነውላት ነው እንዲህ የሚሏት? ይህን እስካሁን ለይታ አታውቅም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን እምቢ ትል ነበር። ሰው ፊት መቆም አይሆንላትም፤ ከሕፃናት በቀር ማንንም በድምፅ አዛ አታውቅም። ነገር ግን አዳራሹ ነበር። እንዳለ የሚባለው የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ፣ ይህን ልጆቹ የሚውሉበትን አዳራሽ መዝናኛ ክበብ ላድርገው ብሎ ከተነሳ ከርሟል። ድራፍት ይገባል፣ ቢንጎ ይኖራል፣ ቀበሌው ገቢ ያገኛል ይላል። ልጆቹስ ሲሉት «ልጆቹ እናት አላቸው» ይላል። እናቶቻቸው ግን ከንጋት ጀምሮ ጉሊት ላይ ናቸው፣ ሰው ቤት ናቸው፣ ውቤ በረሃ ባሉት ቡና ቤቶች ከትናንት ማታ የቆሸሸውን ወለል እየፈተጉ ናቸው። አዳራሹ ከተዘጋ ልጆቹ የሚውሉት መንገድ ላይ ነው። ዓለምወርቅ ሁለት ጊዜ ቀበሌ ሄዳ ብትጠይቅ ሁለቴም አዲሱ ኮሚቴ ይወስናል ተባለች።

«ወንበር ካለሽ ድምፅ አለሽ» አለ አባይነህ፣ ምን እንደምታስብ ስለገባው። «ስድስታችን ለሁለት ተከፍለናል። ሦስታችን ለልጆቹ፣ ሦስቱ ለድራፍቱ። ሰባተኛው ሰው ወዳዘነበለበት ነው ነገሩ የሚያዘነብለው።»

«እሺ» አለች፣ ገና ሳታስብበት።

ለመውጣት ከተነሳ በኋላ ነው ዋናው ነገር ትዝ ያለው። እሁድ በማጣሪያው ስብሰባ ላይ ከቀበሌዎች የበላይ ከሆነው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ እምሩ ይገኛል። እጩዎቹ በየተራ አጭር ንግግር ያደርጋሉ። እሷ ግን በቅድሚያ በብሔረሰቧ ቋንቋ ለሕዝቡ ሰላምታ ብታቀርብ፣ ለጓድ እምሩ ዓይን የሚገባ ነገር ይሆናል።

«በየትኛው ቋንቋ?»

«በራስሽ ነዋ።»

«የኔ አማርኛ ነው።»

«እሱማ የሁላችንም ነው፤ የራስሽን ነው የምልሽ።» በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ሁለት ቃል ትበቃለች። አታስጨንቂኝ።»

አባቷ የሞተው ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። ከእሱ የቀራት ትዝታ የካፖርቱ ሽታና ሲስቅ የሚርገበገበው ትከሻው ብቻ ነው። እናቷም ብትሆን ስለ እሱ የምታወራ ሴት አልነበረችም፤ አሁን እሷም የለችም። የሚያውቀው አንድ ሰው ቀርቷል፣ ጋሼ ገዛኸኝ። ጋሼ ገዛኸኝና አባቷ ድሮ በአንድ ጸሎት ቤት አብረው የሚያገለግሉ ወንጌላውያን ነበሩ። ዛሬ ጸሎት ቤቱ ታሽጓል፤ ጋሼ ገዛኸኝ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቁም ነገር የሚያወሩት እየተራመዱ ነው። ቆሞ የሚያወራ ሰው ጆሮ ይስባል ይላሉ።

ከሥራ ሲወጡ ጠብቃ አገኘቻቸውና አብረው ቁልቁለቱን ወረዱ። ለምን እንደመጣች ነገረቻቸው። ጋሼ ገዛኸኝ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አባትሽ እኮ ኦሮሞ አልነበረም» አሉ።

ዓለምወርቅ ቆመች። እሳቸው ግን አልቆሙምና ሮጥ ብላ ደረሰችባቸው።

ከዳቡስ ወንዝ ማዶ፣ ከቆላው የተገኘ ሰው መሆኑን ነገሯት። ሕፃን ሳለ ነጋዴዎች ይዘውት መጡ። እንዴት እንደያዙት ጋሼ ገዛኸኝ አላብራሩም፣ እሷም አልጠየቀችም። ነቀምት አጠገብ አንድ የኦሮሞ ቤተሰብ አሳደገው። ዋቅጅራ ያሉትም እነሱ ናቸው፤ እግዜር አለ እንደ ማለት ነው። ከዚያ ሚሲዮን ገባ፤ ከሚሲዮን መጽሐፍ ቅዱስ እየሸጠ አዲስ አበባ ደረሰ።

«የራሱ ሰዎችስ ማን ይባላሉ?»

«እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበትን አያውቀውም ነበር፣ ሕፃን ነዋ። ሌላው ሰው የሚጠራቸውን ያውቅ ነበር። እሱን እኔ ካፌ አላወጣውም፤ ስድብ ነው።»

ቋንቋውን ጠየቀቻቸው። እሱም አልቀረለትም አሉ። አባቷ ሥራ ሲበዛበት የሚያንጎራጉረው አንድ ዜማ ነበረው፤ ቃል ግን አልነበረውም። ቃሉ የሆነ ቦታ ወድቆ ዜማው ብቻ ነው የቀረው። ዜማውን ያስታውሱት እንደሆነ ስትጠይቃቸው ከንፈራቸውን ሊያሾሉ ሞከሩና ተዉት።

«ታዲያ እሁድ ምን ልበል?»

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን አላችሁ፣ በያቸው። ያሳደገው ቋንቋ ነው። ከዚህ አልፎ ማን መጥቶ ይመረምርሻል?»

ዳገቱን ስትመለስ ነገሩ ዞረባት። ስትሄድ የማታውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ስትመለስ የማታውቀው ሕዝብ ሆነ። አባይነህ ብሔረሰብ ነሽ ያላት በአባቷ ስም ነው፤ ስሙ ግን የሌላ ሰው ስጦታ ነው። ጠይም ነሽ ያላት ደግሞ በመልኳ ነው፤ መልኳ የመጣበት አገር ደግሞ በስድብ ነው የሚጠራው። እሁድ ከሁለቱ የትኛውን ወክላ ልትቆም ነው? አንዱን ብትወክል ሌላውን መካድ ይሆንባታል? ወይስ ወንበሩን አግኝታ አዳራሹን ካዳነች ይህ ሁሉ ምንም አይደለም? ታክሲ ጥሩምባ ነፍቶባት ከመንገዱ ዘወር አለች።

«አካም ጅርቱ፣ አካም ጅርቱ» እያለች ግቢ ስትገባ እትዬ ለተኪዳን ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ።

እትዬ ለተኪዳን ከዓጋመ መጥተው ድልድዩ አጠገብ እህልና በርበሬ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። የዓለምወርቅ እናት ሆቴል ልብስ እያጠበች ስታመሽ ልጅቱን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በጀርባቸው አዝለው፣ በትግርኛ እየተቆጡ። ዓለምወርቅ እስከዛሬ «አደይ»፣ እናቴ ነው የምትላቸው፤ እሳቸውም «ጓለይ»፣ ልጄ ይሏታል። ማለዳ በራቸውን አንኳኩታ የምትጠይቃቸውም በሳቸው ቋንቋ ነው። ይህ ግን ከደጃፉ አይወጣም። የሰሜኑ ጦርነት እየከፋ ከሄደ ወዲህ፣ በተለይም ካላዩ የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ቀበሌ ተጠርቶ የሰሜን ዘመዶቹን ስም ሲጠየቅ ውሎ ከተመለሰ ወዲህ፣ እትዬ ለተኪዳን በገበያ አንዲት የትግርኛ ቃል አልተነፈሱም። ማንም አልከለከላቸውም። እሳቸውም ፈራሁ ብለው አያውቁም። ዝም ብሎ ብቻ ቋንቋው ቤት ውስጥ ቀረ።

ዓለምወርቅ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወተቻቸው። የአባቷን ታሪክ ሲሰሙ ሰፌዱን አስቀመጡት። ሰላምታው ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ መጣባቸው።

«አካም ስትይ ሳል የያዘሽ ነው የምትመስዪው፣ ጓለይ። ላላ አድርጊው።»

ከሱሉልታ ጤፍ ከሚያመጡላቸው ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ስለኖሩ ኦሮምኛውን ከሷ ይሻላሉ። ምስሩ ተለቅሞ እስኪያልቅ አስጠኗት። በመጨረሻ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ እሁድ መምጣት ግድ እንደሆነ ጠየቋት። ግድ ነው አለቻቸው፤ የቀረ ሰው ስም ይያዛል፣ ስሙ የተያዘ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያወጣ ጥያቄ ይበዛበታል።

«እንግዲያው ከኋላ እቀመጣለሁ» አሉ።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የልጆቹ አግዳሚዎች ላይ አዋቂ ተቀምጦባቸው ሁሉም ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ያለው ይመስል ነበር። እትዬ ለተኪዳን ከኋላ ሊቀመጡ ቢሉም አስተናባሪዎቹ ለአሮጊቶች ቦታ ልቀቁ እያሉ ወደፊት ወደፊት ገፏቸውና ሦስተኛው ረድፍ ላይ አረፉ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ጓድ እምሩ መነፅር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው። አይቸኩልም። የተባለውን ሁሉ ከጻፈ በኋላ ቀና ብሎ ቀጣዩን ይጠብቃል። ስድስቱ እጩዎች በየተራ ተነስተው ስለ ምርታማነትና ስለ ጽዳት ዘመቻ ተናገሩ፤ ሕዝቡ በየጊዜው አጨበጨበ። እንዳለ እጩ አልነበረም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ፣ ባንኮኒው የት ቢሆን እንደሚሻል የሚለካ ይመስል አዳራሹን በዓይኑ ይመትር ነበር።

ከዚያ አባይነህ እንደገና ተነሳ። «ቀጥላ የምትቀርበው» አለ በሰልፈኛ ድምፁ፣ «ለዘመናት ተጨቁነው ከኖሩት ብሔረሰቦቻችን አብራክ የወጣች፣ የቆላው ሕዝብ ልጅ…»

ሰዉ ይህች ማን ትሆን ብሎ በር በሩን አየ። ዓለምወርቅ ከፊት ረድፍ ብድግ ስትል አንዲት ሴት «እንዴ፣ ቲቸር ናት እኮ» አለች፣ እንደተታለለ ሰው።

የቆላው ሕዝብ። ይህን ከማን ሰማ? ጋሼ ገዛኸኝ ነግረውት ይሆን? ወይስ ፊቷን አይቶ ነው? ዓለምወርቅ ይህን እያሰበች ሳለ ሁሉም ዝም ብሎ እየጠበቃት መሆኑ ገባት። ሁለቱ ቃላት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ዓይኗ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በነጠላው መሃል ከታየው የታወቀ ዓይን ጋር ተገናኘ።

«ከመይ ሓዲርክን» አለች።

ማለዳ ማለዳ የምትለው ነው። ትግርኛ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከዚያም ይብሳል፤ አንዲትን እናት በአክብሮት እንዴት አደሩ ሲሏት እንጂ ለሕዝብ የሚባል አይደለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ወንድ ሴቱን፣ ከነጓድ እምሩ፣ እንደ አንዲት አሮጊት አድርጋ ደኅንነቱን ጠየቀችው።

ስህተቱ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ይሸፈን ነበር። ነገር ግን ከሦስተኛው ረድፍ፣ ዘመን ሙሉ እንደለመዱት፣ ሳያስቡት መልሱ መጣ።

«ይመስገን ጓለይ፤ ንስኺኸ?»

እትዬ ለተኪዳን «አንቺስ» ማለቱ ካመለጣቸው በኋላ ነው አፋቸውን በመዳፋቸው የያዙት። ከአንድ ጥግ ሳቅ ተነሳና ሁሉም ጋ ደረሰ። ጓድ እምሩ አልሳቀም። ብዕሩን አንስቶ ጠበቀ።

«ይህ የየትኛው ብሔረሰብ ቋንቋ ነው?» አለ።

የአራዳ ሰው ሆኖ የማያውቀው የለም። ሳቁ ግን እንደ ውሃ ሰረገ፣ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ያንን ቃል ቀድሞ መጥራት የሚፈልግ አልነበረም።

«እጩዋ ብዙ ቋንቋ ትችላለች፣ ጓድ» አለ አባይነህ።

«አባቷ ከየት ናቸው?»

«ከወለጋ።»

«እናቷስ?»

«ከመንዝ።»

«ታዲያ ይሄኛው ከየት መጣ?»

ዓለምወርቅ የተጠየቀችው እሷ መሰላትና መለሰች።

«ከጎረቤት ነው» አለች።

ጓድ እምሩ ሊጽፍ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና ቆመ። ከኋላ አንዱ የሰፈር ቀልደኛ «ጎረቤት ብለው ይጻፉት፣ ጓድ፤ እሱም ጭቁን ነው» አለ። እንደገና ተሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ግን አጭር ነበር።

ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ስለነበር እሱኑ ተናገረች። ይህ የተቀመጣችሁበት አግዳሚ የልጆቻችሁ ነው አለች። አዳራሹ ከተዘጋ የት እንደሚውሉ እኔ አላውቅም፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ አለች። ተቀመጠች።

ከዚያ እጅ ውጣ ተባለ። ለስድስቱ እጁ እንደ ሰንደቅ በአንዴ ነበር የወጣው። ለሷ ሲሆን ሰዉ እጁን ከማውጣቱ በፊት ግራ ቀኙን አየ። ወለጋዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የኛ ብትሆን በኛ ቋንቋ ሰላም ባለችን የሚሉ ይመስላሉ። ከሰሜን የመጡት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ እጃቸውን ቢያወጡ ማን መሆናቸውን መናገር ሆነባቸው። የልጆቹ እናቶች አወጡ፤ አንዳንዶቹ ባሎቻቸው ሲያዩዋቸው ወደ ሻሻቸው መልሰው እንደማከክ አደረጉ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች የተለያየ ቁጥር ይዘው መጡ። እንደገና ይቆጠር ሲባል ሦስተኛ ቁጥር ተገኘ። ጓድ እምሩ ሦስቱንም ጻፋቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ ለተኪዳን የዓለምወርቅን ክንድ ይዘው ነበር።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አሉ።

«የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ አደይ።»

«ስትጠይቂኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ሰው ሲጠይቁት እኮ ይመልሳል።» ይህን ሲሉ ይቆጡ ወይ ይዘኑ አልለየም።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ በርሄ ልብስ ሰፊው ከፊት ለፊት መጣ። በርሄ የአገራቸው ሰው ነው፤ በመንገድ ሲገናኙ ግን ሁልጊዜ እንደምን ዋሉ ተባብለው ነው የሚተላለፉት። ዛሬ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ አጠገባቸው ሲደርስ «ከመይ ሓዲርክን» አለና እርምጃውን ሳይገታ አለፈ። ሁለቱ ሴቶች ዞረው አዩት። ቀልዶባቸው ይሁን፣ ሰላም ብሏቸው ይሁን፣ አስጠንቅቋቸው ይሁን፣ ከጀርባው የሚነበብ ነገር አልነበረም።

አባይነህ ሐሙስ መጣ፣ ልጆቹ ሄደው ዓለምወርቅ አዳራሹን ስትጠርግ። በአንድ ብብቱ የተላገ ጣውላ፣ በአንድ እጁ የቀለም ጣሳ ይዟል። ሁለቱንም በር ሥር አስቀመጠና የመጣበትን ሳይናገር ስለ ዝናቡ አወራ።

«ንገረኝ» አለችው።

«አለፍሽም፣ ወደቅሽም አትባይም» አለ። «ተጠባባቂ እጩ ነሽ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከሰባቱ አንዱ ከሞተ ወይ ከታሰረ አንቺ ትገቢያለሽ።»

የቀረውን እያከታተለ ነገራት። ጓድ እምሩ ያስጨነቀው ስንት እጅ ወጣ የሚለው አልነበረም፤ የማን እጅ ነው የሚለው ነበር። የወጣውን እጅ በየብሔረሰቡ ሊመድብ ሞክሮ አቃተው፤ እናቶቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨርሶ አላወቀም። መመሪያው ግን መመሪያ ነው፣ የብሔረሰብ ወንበሩ ባዶ ሊቀር አይችልም። እናም የአባይነህ አያት ከምባታ መሆናቸው ተገኘና ወንበሩን እሱ ያዘው። እሱ የለቀቀው ወንበር ለእንዳለ ሆነ።

«አያትህ ከምባታ ናቸው?»

«እንደዚያ ይባላል።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሰኞ» አለ አባይነህ። እንደ መሳቅ አደረገው፣ አልወጣለትም። «ስሚኝ፣ ዓለም። እንዳለ ከገባ አራት ለሦስት ነው፣ ምንም ማድረግ አንችልም ነበር። እኔ የብሔረሰቡን ወንበር እንቢ ብል ደግሞ ሰው ከሌላ ቀበሌ ይላክልን ነበር። ስለዚህ ተነጋገርን። ጠዋት ልጆቹ ይውሉበታል። ከሰዓት በኋላ ክበብ ይሆናል። እስከ ስድስት ሰዓት ያንቺ ነው።»

ዓለምወርቅ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አቆመችው። ጉሊት የዋለች እናት በስድስት ሰዓት አትመለስም። ቢሆንም ባዶ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ነው። መደሰት እንዳለባት ወይም ማልቀስ እንዳለባት ሊነግራት የሚችል ሰው ፈለገች፣ አባይነህ ግን ያ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፊቷን እያየ ያንኑ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«እኔን ምን ብለው ጻፉኝ?» ስትል ጠየቀችው። «ብሔረሰቤን።»

«ይጣራ ነው የሚለው።»

«ይጣራ?»

«አዎ። ማን እንደሚያጣራው አልተጻፈም።» ጣውላውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። «እንዳለ ሰሌዳ ይጻፍ ብሏል፣ ለነገ። በሰፈሩ እንዳንቺ ፊደል የሚያሳምር የለም ብዬ… ካልፈለግሽ እተወዋለሁ።»

ዓለምወርቅ መጥረጊያውን መልሳ አነሳች። አባይነህ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ጣውላውን ወስዳ ሁለት የልጅ ወንበሮች ላይ አጋደመችው። ሌላ ሰው ቢጽፈው የልጆቹን መስመር ከታች፣ በትንሽ ፊደል እንደሚያደርገው አሰበች። በማስመሪያ ከላይ እስከ ታች ለካችና መሃሉ ላይ ቀጭን የእርሳስ መስመር አሰመረች። ከላይ «ጠዋት፦ መዋዕለ ሕፃናት» ብላ ጻፈች። ከታች፣ ፊደሉን በአንድ ፀጉር እንኳ ሳታሳንስ ሳታስበልጥ፣ «ከሰዓት በኋላ፦ መዝናኛ ክበብ» አለች። ዝናብ ሲመጣ ብርሃኑ ስለቀነሰ የመጨረሻውን ፊደል ስትጽፍ ጎንበስ ማለት ነበረባት።

ጨርሳ ብሩሹን በጋዝ አጠበች፣ የጣሳውን ክዳን ገጠመች። ሰሌዳውንም ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው ከበሩ ራቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።